አሰንዳቦ የበቀለው ማሽላ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ጅማ ላይ ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ ግን ከማንኛውም ምዕራፍ አብልጬ የምወደው፣ ከባሕር መሃል ብቅ ያለች ባዶ ደሴት እንዴት ሕይወት እንደምታገኝ የሚናገረውን ነበር። እሳተ ገሞራ ከውኃ ሥር ይፈነዳል፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ሣር የለ፣ ትንኝ የለ፣ ምንም የለ። አንድ ቀን ሸረሪት በገዛ ድሯ ተንጠልጥላ በንፋስ ትመጣለች። ወፍ በእግሯ ጭቃ ይዛ ታርፋለች፤ ጭቃው ውስጥ ዘር አለ። ሌላዋ ወፍ ሌላ አገር የበላችውን ፍሬ እዚያ ትጥላለች። ጎርፍ የነቀለው ግንድ ሲንሳፈፍ እንሽላሊት ሙጭጭ ብላበት ትደርሳለች። ይህን ሳስተምር ድምፄ ይጨምራል፣ ጠመኔው እጄ ላይ ይሰበራል። ተማሪዎቼ የምጽዋ ልጅ እመስላቸው ነበር አሉ። የወሎ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያየሁት ትልቁ ወራጅ ውኃ ክረምት ላይ የሞላ ጊቤ ነው።

ተማሪዎቹ አብዛኞቹ የቡና ገበሬ ልጆች ስለነበሩ ገና ሳልጨርስ ነገሩ ይገባቸዋል። ጫካ ውስጥ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለውን ቡና ያውቁታል፤ ወፍና ጦጣ ቀዩን ልጣጭ መጥጠው ፍሬውን የትም ይጥሉታል፣ ወፍ ዘራሽ ይባላል። ቡና ደግሞ ለደሴት የተፈጠረ ተክል ነው፦ አበባው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ አንዲት ፍሬ ብቻ ብትደርስ ዘር ትሆናለች። እንስሳ ግን እንደዚያ አይደለም። ወይ ሁለት መድረስ አለበት፣ ወይ እርጉዝ የሆነች አንዲት። "አንድ ብቻ ከደረሰ አልደረሰም" ብዬ ሰሌዳው ላይ እጽፍና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰምርበት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በድፍረት የሚጽፍ ወጣት ነበርኩ።

የምኖረው አዌቱ ወንዝ አጠገብ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት የጅማ ሴት ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነበር። ኮረሪማና ዝንጅብል ይነግዳሉ፣ ሰርቦ ላይ የቡና ማሳ አላቸው፣ በአማርኛ የጀመሩትን ነገር በኦሮምኛ ጨርሰው በአረብኛ ይመርቁታል። እማማ እላቸዋለሁ። አንድ ዓመት ለትምህርት መርጃ ብዬ አሮጌ ሳፋቸውን ለመንኩና፣ አንድም ዘር እንዳይተርፍበት አፈሩን በእሳት ቆልቼ ሞላሁት፤ ከዚያ ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ጅማ መቼም ዝናብ አትነፍግም። በወሩ አፈሩ አረንጓዴ ለበሰ፤ ቀጥሎ ሣር፤ ቀጥሎ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ቀንድ አውጣ፤ በመጨረሻም አንዲት የቡና ችግኝ።

"ያ ረቢ! ሳፋዬን ነው ደሴት ያደረግከው?" አሉ መሰላሉ ሥር ቆመው። "ዋኒ ኩን ማሊ? ይሄ ምንድን ነው? ሰው ይሄን ሊማር ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው?"

"ማንም ሳይዘራው እንዴት እንደሚበቅል ለማሳየት ነው፣ እማማ።"

"እኔ ዘርቼውም የማይበቅል አለኝ። ሰርቦ መጥተህ ለሱ አስተምርልኝ።"

እንግዲህ ወደ ደብዳቤው ልምጣ። እየዞርኩ የምሸሸው እሱን ነው።

በሰባ ስድስት ክረምት ማለቂያ ላይ ከታናሽ እህቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ አገር ቤት ያሉት እናቴና እሷ ብቻ ነበሩ። እህቴን ፊደል ያስቆጠርኳትም፣ ሒሳብ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ፤ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ዕድል ቀንቶኝ የተመደብኩት እዚያው ቀዬአችን ነበር። ፊደሎቿ ትልልቅ ስለሆኑ አንድ ወረቀት ላይ ብዙ ነገር አይገባም። የገባው ይህ ነው፦ ዝናቡ ሰኔ ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ፤ የተዘራው ደረቀ፤ በሬዎቹ ሞቱ፤ ጎተራው ባዶ ነው። የቀረው የዘር ስልቻው ነው። እምዬ "ስልቻውን እንፍታው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ብላለች።

የዘር እህል እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። እህል ነው፣ ግን የሚበላ እህል አይደለም። አዝመራው ሲደርስ እናቴ ማሳው ውስጥ እየዞረች ያማረውን ዛላ ብቻ ትመርጣለች፤ ጢስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። ከዚያ ይፈለፈልና ነቀዝ እንዳይገባበት ከጤፍ ጋር ይደባለቃል፤ ጤፉ በማሽላው መሃል ያለውን ክፍተት ሁሉ ስለሚሞላው ነቀዙ መተንፈሻ ያጣል። ስልቻው አንዴ ከታሰረ እስከ ዘር ጊዜ አይፈታም። ልጅ ቢራብ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ ሰርግ ቢደርስ አይፈታም። ዘሩን የበላ ቤት ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የሰው ደጅ ብቻ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። የእናቴ ዘር ደግሞ ወተት በጉንጬ የሚባለው ማሽላ ነበር። ፍሬው ሲደርቅ ጉንጩ ስርጉድ ይላል፤ እሸቱን ጠብሶ የበላ ሰው ስሙ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

እናቴ ራሷ ልትወስን ትችል ነበር። ግን የተማረ ልጅ አላት፤ የተማረ ልጅ ያላት እናት ትጠይቃለች። እኔም መለስኩላት። ቃሉን አልረሳሁትም፦ "ዘር አይበላም። አባባ በክፉ ቀን እንኳ አልነካውም። ለጥር እመጣለሁ፤ እስከዚያ ጎረቤት እያስቸገራችሁም ቢሆን ቆዩ፤ ስልቻውን እንዳትፈቱት።" ይህን የጻፍኩት ምሳ በልቼ ነው። የሴትዮዋ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ምስር ወጥ በልቼ፣ ከላዩ ሙዝ ልጬ። የጠገበ ሰው ለተራበ ሰው ምክር ሲጽፍ እጁ እንዴት አይንቀጠቀጥም? አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም በጽሕፈቴ ማማር ደስ ብሎኝ ፖስታ ቤት ራሴ ወሰድኩት።

ጥቅምት ላይ ከደሴ የመጡ ሰዎች ያዩትን ሲያወሩ ሰማሁ። የዚያኑ ዕለት ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። "ዘሩን ብሉት፤ ዛሬውኑ ብሉት" የሚል ብቻ ነው። መልስ አልመጣም። ደገምኩ፤ አልመጣም። ራሴ ልሂድ ብል የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ወደዚያ አቅጣጫ ደግሞ አይሰጥም ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ለመንኩ፤ በሦስተኛው የቀበሌው ሰው "ጓድ መምህር፣ አገሩ ሁሉ እናት አለው" ብሎ ፊቱን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ጥር መጣና ሄደ፤ እኔ ጅማ ነበርኩ።

ከኅዳር ጀምሮ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች ሰፋሪዎችን ጭነው በጅማ በኩል ያልፉ ነበር። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ ተነስተው ወደ ምዕራቡ ጫካ ይሄዳሉ። ዳቦና ውኃ ይዘን እንድንቀበል መንገድ ዳር እንሰለፋለን፤ መፈክር አለ፣ ጭብጨባ አለ። ድንግል መሬት ይጠብቃቸዋል ይባላል። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ "ድንግል መሬት የት አለ?" ይሉ ነበር በሹክሹክታ። "የዛፉ ሁሉ ባለቤት አለው። ቀፎ የተሰቀለበት ጫካ እኮ ነው።" እኔ የማንም መሬት ትዝ አይለኝም፤ በየመስኮቱ ፊት እፈልጋለሁ። የቀዬአችንን ስም እየጠራሁ "የዚያ ሰው አለ?" እያልኩ ከመኪናው እኩል እሮጣለሁ። አንዳንዶቹ በዓይናቸው ይከተሉኛል፤ አፋቸው አይከፈትም። አንድ ሽማግሌ ብቻ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ራሴን ዳሰሱኝና "ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ቅጠል የምንድን ነው?" አሉኝ። ያን ዓመት ጅማ እንደ ልማዷ አረንጓዴ ነበረች፤ ሙዙ ከዛፉ ላይ ይጠቁራል፣ ዘይቱኑ መሬት ወድቆ ይበሰብሳል። ጥጋቧ አናደደኝ። ሰው ይመስል ከተማዋን ተቀየምኳት።

የደሴቷ ትምህርት የሚደርስበት ሳምንት መጣ። በረንዳው ላይ ማስታወሻዬን ዘርግቼ ስዘጋጅ ሴትዮዋ አጠገቤ ዝንጅብል ያሰጡ ነበር።

"ዘንድሮም ደሴቷ ናት?" አሉኝ።

"አዎ፣ እማማ።"

"የደረሱትን በየዓመቱ ትነግረኛለህ። ሸረሪቷን፣ እንሽላሊቷን። መንገድ የቀሩትስ?"

"መጽሐፉ እነሱን አይጽፍም። አንድ ዘር እስኪደርስ ስንቱ እንደሰመጠ የሚያውቅ የለም።"

"አላህ ያውቃል" አሉና ቀና ብለው አዩኝ። "ኢልማ ኮ፣ ማል ታቴ? ልጄ፣ ምን ሆነሃል?"

ዝንጅብሉን ትተው አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ደብዳቤው ለሰው የተናገርኩት ያን ቀን ነው፤ እያለቀስኩ፣ ሳላሳምር። ያጽናኑኛል ብዬ ነበር። አላጽናኑኝም። "ትልቅ ስህተት ነው" አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ "እኔም ብሆን ግን እንዲሁ ነበር የምለው። የዘር ቡና የቆላ ሰው ቤቴ አይገባም" አሉ። በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ደሴቷን አስተማርኩ። "አንድ ብቻ ከደረሰ አልደረሰም" የሚለውን ሳልጽፍ አለፍኩት።

ሰኔ ላይ ፈተና እንድቆጣጠር አሰንዳቦ ተላክሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ መንገዱ ዳር ሻይ ቤት አለ፤ ከሻይ ቤቱ ፊት ትልቅ ሾላ። ከሾላው ጥላ ፈንጠር ብሎ፣ እግር የጠቀጠቀው መሬት ላይ፣ ጉልበት የሚደርስ ማሽላ በቅሏል። በመስመር አይደለም፣ በማሳም አይደለም፤ አንድ ቦታ ጥቅጥቅ ብሎ ወደ መንገዱ እየሳሳ ይሄዳል፤ እንደፈሰሰ ነው የበቀለው። ማሽላ አሰንዳቦ ብርቅ ስላልሆነ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያልፈዋል። እኔን ያስቆመኝ በማሽላው መሃል የበቀለው ጤፍ ነው። ማንም ገበሬ ማሽላና ጤፍ ደባልቆ አይዘራም። ሁለቱ አንድ ላይ የሚሆኑት ስልቻ ውስጥ ነው።

እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"መምህር፣ ምነው?" አለኝ የሻይ ቤቱ ባለቤት፣ ወፍራምና ተጫዋች ሰው ነው። "ፈተናው ገና ሳይጀመር ወደቅህ እንዴ?"

"ይሄን ማን ዘራው?"

"ማንም። ወፍ ዘራሽ ነው።" ከዚያ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ አሰበ። "ቆይ እስቲ፣ ቆይ። ዱጋ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ወፍ አይደለም። አንዲት ልጅ ናት።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። መጋቢት ላይ ሰፋሪ የጫነ አውቶቡስ እዚያ ይበላሻል፤ ሰዎቹ ቀኑን ሙሉ ሾላው ሥር ይቀመጣሉ። አንዲት ቀጭን ልጅ ስትወርድ ስልቻዋን የአውቶቡሱ በር ይይዝባትና ይቀደዳል፣ እህሉ ይፈስሳል።

"ተንበርክካ አንድ በአንድ ስትለቅም ዋለች!" አለኝ። "አሳዘነችኝና 'ልጄ፣ ድስት ልስጥሽ፣ ቀቅይና ብዪ' አልኳት። እምቢ አለች። እህል ታቅፋ ከኔ ዳቦ ትለምናለች፤ ያ ናማ፣ አንተ ሰው፣ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም። ለምን ብላት 'የአደራ ነው' አለችኝ። ራብ አዙሯት መስሎኝ ነበር።"

ክንዱን ያዝኩት። "ብቻዋን ነበረች ወይስ ከእናቷ ጋር?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ሰዉ ብዙ ነበር።"

"አስታውስ እንጂ! አጠገቧ ትልቅ ሴት አልነበሩም? አብረዋት የሚለቅሙ?"

"መምህር፣ ሁለት ይሁኑ አንድ አላስተዋልኩም" አለ ክንዱን ቀስ ብሎ እያስለቀቀ። "እኔ ያየሁት ስልቻውን ነው።"

አንድ ወይስ ሁለት። በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ ጥያቄ አልቀረልኝም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት አያኮራም፤ ግን ልናገረው። አውቶቡሱ ወዴት እንደሄደ ሰውየው ከሾፌሩ ሰምቶ ነበር፤ ከአጋሮ ወዲያ፣ ወደ ኢሉባቦር በሚወስደው መንገድ፣ ቆላው ውስጥ ወዳለ የሰፈራ ጣቢያ። ፈተናው ሲያልቅ በማግሥቱ መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም። ማሽላው እስኪያፈራ ልጠብቅ አልኩ። ወሎ ውስጥ ዘሩን ከጤፍ የሚደባልቅ ቤት ስንት ነው? ጉንጩ ስርጉድ ያለ ፍሬ ካላየሁ የእናቴ ዘር መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሳይንስ ማስረጃ ይፈልጋል። እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። እውነቱ ግን መልሱን መፍራቴ ነው፤ ሳልጠይቅ እስከቆየሁ ድረስ ሁለት ናቸው።

ክረምቱን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አሰንዳቦ ተመላለስኩ። ባለ ሻይ ቤቱ ፍየል እንዳይደርስበት በእሾህ አጠረልኝ። እኔ ዝናብ እየወረደብኝ አርማለሁ፣ እኮተኩታለሁ፤ ሻይ የሚጠጣው ሰው በረንዳ ላይ ሆኖ ይስቅብኛል፤ ቦታው "የመምህር እርሻ" የሚል ስም ወጣለት። እየተንበረከክሁ ማሰቤ ስለ ደሴቶቹ ነበር። ለብዙ ዓመት ያስተማርኩት ዘሩ እንዴት እንደሚጓዝ ነው፤ ንፋሱን፣ ማዕበሉን፣ የወፏን እግር። ሩቅ የሚደርሰው ዘር ግን መንገዱን ሁሉ ሳይሰበር፣ ሳይታኘክ፣ ሳይፈጭ የሚሄደው ነው፤ ወፏ ሆድ ውስጥ ገብቶ እንኳ የማይበላው። ይህንንም አስተምሬ ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ለፈተና አመቺ ስለሆነች በየዓመቱ አወጣታለሁ።

ጥቅምት ላይ ዛላው ደረሰ። አንዱን ቆርጬ መዳፌ ላይ ፈለፈልኩት። ፍሬዎቹ በሙሉ ጉንጫቸው ስርጉድ ብሏል። አንዷን አፌ ውስጥ ከተትኳት፤ ላኝካት አልቻልኩም፣ አውጥቼ ኪሴ ውስጥ ጨመርኳት።

ሴትዮዋ ዛላውን ሲያዩ ማምለጫ አሳጡኝ። "ማስረጃህ ይኸው" አሉ። "እንግዲህ ምን ቀረህ?"

"ብቻዋን ብትሆንስ፣ እማማ?"

"ብቻዋን ከሆነች ስምንት ወር ብቻዋን ነበረች። አንተ አሰንዳቦ ሣር ትነቅላለህ።" እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ነገ ትሄዳለህ፣ ኢንሻላህ" አሉኝ።

የሰፈራ ጣቢያ ዝም ብሎ አይገባም። ርእሰ መምህሩ "ለባዮሎጂ ትምህርት የእጽዋት ናሙና እንዲሰበስብ" የሚል ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ፊቴን አይተው ሌላ ነገር አልጠየቁም። እስከ አጋሮ በአውቶቡስ፣ ከአጋሮ ወዲያ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ግማሽ ቀን በእግር ሄድኩ። ጣቢያው የሣር ጎጆ በረድፍ በረድፍ የተሠራበት፣ መሃሉ ላይ ባንዲራ የቆመበት፣ ዙሪያው ጫካው የተመነጠረ ሜዳ ነው። የተቆረጡት ዛፎች ጉቶ ገና ያጤሳል። ኃላፊው ደብዳቤዬን ሁለቴ አንብቦ "ቅጠል ለመልቀም ነው ከጅማ ድረስ የመጣኸው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ አሳለፈኝ።

ማሳው ሁሉ ለሰፋሪዎቹ ዘሩ የታደለው በቆሎ የተለቀመበት ደረቅ አገዳ ነበር። ከዳር፣ ጫካው ጥግ ላይ፣ ከአንድ ጎጆ ወለል የማይበልጥ ማሽላ ቆሟል። መሃሉ ላይ የወፍ መጠበቂያ ማማ አለ፤ ማማው ላይ ወንጭፍ የያዘች ሴት ቆማለች። ከሩቅ አወቅኋት፤ ክንዷን ስታዞር አባቴን ትመስላለች። ከማማው ሥር ተመለከትኩ። አጠገቡ ያለው ጎጆ በር ላይ ተመለከትኩ። ማሽላው ውስጥ፣ አገዳው መሃል ተመለከትኩ። ሌላ ሰው አልነበረም።

"ወንድም ጋሼ" አለች ከላይ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወርዳ አቀፈችኝ፤ አጥንቷ ጎኔን ወጋኝ። ማማው ሥር ተቀመጥን፤ እኔ አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

"ሁለተኛው ደብዳቤ ደርሷችሁ ነበር?" አልኳት በመጨረሻ።

"የቱ ሁለተኛ?"

ከዚያ በኋላ የተናገረችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለእናቴ ያነበበችላት እሷ ናት፤ እናቴ ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። ጎረቤቱ ሁሉ ቀዬውን ለቆ ሲሄድ እነሱ ለጥር እመጣለሁ ስላልኩ ቤት ዘግተው ጠበቁኝ። የቁልቋል ፍሬ በሉ፣ ሥራ ሥር ቆፍረው በሉ።

"ስልቻውን እንፍታው ብዬ ስለምናት ትቆጣኛለች" አለች። "'ልጄ አትፍቱት ብሏል፤ የሚያውቀው ነገር ባይኖር አይልም' ትለኛለች።"

ጥር አልቆ እኔ ሳልመጣ ሲቀር እርዳታ ወደሚታደልበት መጠለያ በእግር ተነሱ። እናቴ መንገድ ላይ ሞተች፤ ስልቻውን ተንተርሳ። እህቴ እህል የተሰጣት እናቴ በሞተች በስድስተኛው ቀን ነው።

"'ለወንድምሽ አድርሺለት፤ እንዳለው አልነካነውም በይው' ብላኝ ነበር። አልነካሁትም። አንድ ከተማ ላይ ከፈሰሰብኝ በቀር አንድ ፍሬ አልጎደለም። ጅማ ስንደርስ ልወርድ ስል ከለከሉኝ። ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲመጣ ዘሩ ከሚሞት ብዬ ዘራሁት።" ወደ ማሽላው እያየች ነበር። "አደራህ ይኸው።"

ንግግሯ ውስጥ ቁጣ የለም። ቢኖርበት በወደድኩ ነበር፤ ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ። ይቅር በዪኝ ማለት ለነገሩ አነሰኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችኝ፣ ፊቷን ሳትመልስልኝ። "ሁለት ቁና ነበር። ብንበላው ኖሮ ለሁለታችን ስንት ቀን ይሆነን ነበር? አንተ አስተማሪ ነህ፤ አስላልኝ።"

ለማስላት ጊዜ አልወሰደብኝም። ዓመቱን ሙሉ ሳሰላው ነበር የከረምኩት፤ በየአውቶቡሱ መስኮት ሥር፣ በየቅዳሜው፣ በየምሳው።

"አምስት ቀን ቢሆን ነው" አልኳት። "አምስት ቀን ምንም አይለውጥም ነበር።"

በጣቷ መሬቱ ላይ የሆነ ነገር ጫረች፤ በመዳፏ አጠፋችው።

"ሃያ ቀን ነው" አለች። "ሒሳቡን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።"

እኔም ዓመቱን ሙሉ የደረስኩበት ሃያ ነበር። የወፍ መንጋ ከጫካው ወጥቶ ዛላው ላይ ሰፈረ፤ ማሽላው በሙሉ ወደ አንድ ጎን ጎበጠ። እህቴ ማማው ላይ ልትወጣ ተነሳች፤ እግሯ ተንቀጠቀጠና ተመልሳ ተቀመጠች። ወንጭፉን ጭኔ ላይ ጣለችው።

"ተነስ" አለችኝ። "በልተው ሳይጨርሱት።"